ኬሞ ላይ ሆኖ ጉዞ፦ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

ሁለተኛ ደረጃ የጡት ካንሰር ነበረብኝ። መጀመሪያ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ ስምንት ዙር ኬሞ፣ ከዚያ ጨረር። ሁሉንም አዲስ አበባ ነው የጨረስኩት። በመሃል ሁለት ጊዜ ከከተማ ወጥቼ ተመልሻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሻንጣዬ በር ላይ ቆሞ እኔ አልጋ ላይ ቀርቻለሁ። ይህን የሰማ ሁሉ ይደውልልኛል፤ ጥያቄው ሁሌም ያው ስለሆነ አንድ ላይ ጻፍኩት። ሐኪም አይደለሁም። ሐኪሟን በጥያቄ ያሰለቸች ታካሚ ነኝ። በሽታው ወንዶችንም እንደሚይዝ አውቃለሁ፤ ግን የሚደውሉልኝ ሴቶች ስለሆኑ «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል፣ ወንድሞቼ አትቀየሙኝ።

ኬሞ እየወሰድኩ ለእረፍት መሄድ እችላለሁ?

ብዙ ጊዜ ትችያለሽ። ቀኑን የሚመርጠው ግን ኬሞው ነው። የሆቴል ቅናሽ አይደለም፣ የልጆች ትምህርት ቤት መዘጋትም አይደለም፣ የአጎትሽ ልጅ ሠርግም አይደለም። ይህን ከተቀበልሽ ሌላው ቀላል ነው። ካልተቀበልሽ እንደኔ የሠርግ ልብስ አሰፍተሽ ቁም ሳጥን ውስጥ ትሰቅያለሽ።

ታዲያ ጥሩው ሳምንት የትኛው ነው?

መድኃኒቱን የወሰድሽበትን ቀን አንድ ብለሽ ቁጠሪ። የኔ በየ21 ቀኑ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አራት አምስት ቀናት የማቅለሽለሽና የድካም ናቸው። ቀዩ መድኃኒት፣ ዶክሶሩቢሲን የሚሉት፣ እኔን የሚጥለኝ ሦስተኛው ቀን ላይ ነበር፤ ጎረቤት ቡና ሲቆላ በር ዘግቼ ብርድ ልብስ ውስጥ እገባ ነበር። (ሽንትሽን ለአንድ ሁለት ቀን ቀይ ያደርገዋል። ደም አይደለም፣ አትደንግጪ።) ስድስተኛው ቀን አካባቢ ለቀቅ ያደርግሻል። «ተሻለኝ» ትያለሽ፣ እህል ይበላልሻል፣ ሰው ሁሉ «ፊትሽ ተመለሰ» ይልሻል።

የሚያሳስተው ይሄ ነው። ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ነጭ የደም ሴልሽ ከሁሉም ጊዜ በላይ የሚወርድበት ነው። ላንቺ ምንም አይሰማሽም። ትስቂያለሽ፣ ገበያ ትወጫለሽ፣ ሰውነትሽ ግን ዘበኛው የሄደበት ግቢ ነው። ከ15ኛው ቀን ወዲህ ደምሽ መመለስ ይጀምራል። ስለዚህ ከ15 እስከ 20 ያሉት ቀናት፣ ማለትም ከሚቀጥለው ዙር በፊት ያለችው ሳምንት፣ ያቺ ነች የእረፍት ሳምንትሽ።

ይሄ የኔ አቆጣጠር ነው። በየሁለት ሳምንቱ የምትወስጂ ከሆነ ክፍተቱ በጣም ጠባብ ነው፤ በዚያ ላይ ነጭ የደም ሴል የሚያነሳው መርፌ፣ ፊልግራስቲም፣ ይታዘዝልሻል። መርፌው ፍሪጅ ይፈልጋል፣ አጥንትም ያማል፣ ይዘሽው ለመዞር አይመችም። ፓክሊታክሰል የሚባለውን ሌላ የኬሞ መድኃኒት በየሳምንቱ የሚወስዱ ደግሞ ደማቸው ብዙ ጊዜ እንደዚያ አይወርድም፤ ያላቸው ግን ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ድካሙ እየተጠራቀመ ነው የሚሄደው። ሁለተኛው ዙር ላይ የቻልሽውን ሰባተኛው ላይ አትችይውም። ጉዞ ካሰብሽ ወደ መጀመሪያዎቹ ዙሮች አምጪው።

ዶክተርሽን ደግሞ «መሄድ እችላለሁ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂው። «ተጠንቅቀሽ» ብሎ ይሸኝሻል። «በኔ መድኃኒት ደም የሚወርደው ከስንተኛው እስከ ስንተኛው ቀን ነው? ከመሄዴ በፊት ሲቢሲ ልሠራ?» በይው፤ ሲቢሲ የደም ሴሎችን የሚቆጥረው ምርመራ ነው። ቁርጥ ያለ መልስ የሚመጣው ቁርጥ ላለ ጥያቄ ነው።

ቀጠሮውንና ትኬቱን እንዴት ላስማማ?

መጀመሪያ ሁለቱን የቀን መቁጠሪያዎች አስማሚ። እኔ በዚህ ነው የተቃጠልኩት። ቀጠሮ ካርዴ ላይ መጋቢት 12 ይላል። ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ፎቶ አንስቼ ላክሁላት። እሷ ማርች 12 ብላ ያዘችው፣ ጣቷን ቆጠረች፣ 16ኛው ቀን ማርች 27 ላይ ይውላል ብላ ሐዋሳ ሆቴል ያዘች፣ ትኬትም ቆረጠች፣ ከዚያ «ሰርፕራይዝ!» ብላ ደወለች። መጋቢት 12 በፈረንጁ ማርች 21 ነው። ማርች 27 ማለት ሰባተኛው ቀኔ ሆኖ ቁጭ አለ፣ ልክ ደሜ መውረድ የሚጀምርበት። ሆቴሉ ገንዘብ አልመልስም አለ፣ ቀን ግን ቀየረልን። እህቴ የመመለሻ ትኬቷን በቅጣት ቀየረች። ዘጠኝ ቀን ቀድማ መጥታ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አጥሚት ስታፈላልኝ ከረመች፣ ያ መቼም አልከፋኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን ነው የምጽፈው። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ የኛ 2 ሰዓትና የትኬቱ 2 ሰዓት ስድስት ሰዓት ይራራቃሉ።

ሁለተኛው ነገር፣ ቀጠሮው ራሱ ይንሸራተታል። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ደም ትሰጫለሽ፤ ነጭ የደም ሴልሽ ካልተነሳ «ሳምንት ተመለሺ» ይሉሻል። መድኃኒቱ ከገበያ ጠፍቶ የሚዘገይበት ጊዜም አለ። የአጎቴ ልጅ ሠርግ ጎንደር ነበር። ከአራተኛው ዙር በኋላ 17ኛው ቀን ላይ ይውላል ብዬ ከሁለት ወር በፊት ቆጥሬ ተዘጋጀሁ። አራተኛው ዙር አንድ ሳምንት ተገፋ። ሠርጉ 10ኛው ቀን ላይ ወደቀ። ድንኳን ሙሉ ሰው፣ እያንዳንዱ ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ ይስማል፣ ግማሹ ጉንፋን አለበት። ቀረሁ። በቪዲዮ ነው ያየሁት፤ ኔትወርኩ ደግሞ ልክ ሙሽሮቹ ሲገቡ ተቋረጠ።

ስለዚህ የሚቀየር ትኬት ግዢ፣ ትንሽ ቢወደድም። ሆቴል ስትይዢ «ብታመም ቀን ትቀይሩልኛላችሁ?» ብለሽ አስቀድመሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ምክንያቱን ሲሰሙ እሺ ይላሉ። ከኬሞው አንድ ቀን ቀደም ብሎ ሳይሆን ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብለሽ ቤትሽ ግቢ፣ የደም ምርመራው አለና።

አንድ ዙር ብዘልስ? ሁለት ሳምንት ባዘገየውስ?

መዝለል የለም። በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር ላይ ኬሞ የሚሰጠው ለማስታገስ አይደለም፣ ለማዳን ነው። ቀኑን ጠብቆ መወሰዱ የሕክምናው አካል ነው። ሁለት ሦስት ቀን ማሸጋሸግ ሐኪምሽ ሊፈቅድ ይችላል፣ ጠይቂ፣ አትፈሪ። በራስሽ ግን እንዳታደርጊው። ቀጠሮዋን ቀርታ እንደገና ተራ እስክታገኝ ወር ያለፈባት ሴት አውቃለሁ።

ከመጀመሬ በፊት ሄጄ ብመለስስ?

እኔን ከጠየቅሽኝ ምርጡ ይሄ ነው፣ እኔ ራሴ ያመለጠኝ ቢሆንም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ እስኪድን የተወሰኑ ሳምንታት አሉ፤ የፈሳሽ ማውጫው ቱቦ ወጥቶ፣ ቀዶ ሐኪሙ «ደህና ነሽ» ካለሽ፣ ለአራት አምስት ቀን ብቅ ብሎ መምጣት ይቻላል። አታስረዝሚው ግን። ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከ90 ቀን በላይ ሲዘገይ ውጤቱ እንደሚከፋ በጥናት ታይቷል። ኬሞው ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሚሰጣቸው ደግሞ በመጨረሻው ዙርና በቀዶ ሕክምናው መሃል ጥቂት ሳምንታት አሉ። እዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ቀናት ይሻላሉ።

«ታማ ትዝናናለች» ይሉኛል፣ ምን ልበል?

ምንም። ለኔም ተብያለሁ፣ በዘመድ። ለመድኃኒት ያዋጣልሽ ሰው ካለ ወጪውን ግልጽ አድርጊለት፣ ይሄ ፍትሃዊ ነው። ሌላው አይመለከተውም። ስድስት ወር ሙሉ ግድግዳ እያዩ መተኛትን ማንም ሐኪም አላዘዘም፤ እንዲያውም በአቅም መንቀሳቀስ ድካሙን ይቀንሳል ነው የሚሉት።

የት ልሂድ?

የኔ መለኪያ አንድ ነው፦ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ትኩሳት ቢይዘኝ፣ የደም ምርመራ ሠርቶ በደም ሥር መድኃኒት የሚሰጠኝ ሆስፒታል ጋ በስንት ሰዓት እደርሳለሁ? መልሱ ከአንድ ሰዓት ከበለጠ ቦታው ይቆይልሽ። ቢሾፍቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ነው፤ ከ50 ኪሎ ሜትር በታች ነው፣ ካልተመቸሽ ተነስተሽ ትመለሻለሽ። ሐዋሳ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ከተማ ነው፣ ትልቅ ሆስፒታልም አለው። በመኪና ከሆነ ባቱ ላይ ወርደሽ እግርሽን ዘርጊ።

ወባን አትርሺ። አዲስ አበባ ስለምንኖር እንረሳዋለን። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው አገራችን ወባ አለበት፤ ሐዋሳም፣ ባሕር ዳርም፣ አርባ ምንጭም እዚያ ውስጥ ናቸው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ ማምሻውን እጅጌ ያለው ልብስ ልበሺ፣ ቅባቱን ተቀቢ። ለኛ ወባ ድርብ ችግር ነው፣ ምክንያቱም ትኩሳቱ ከየትኛው እንደመጣ ማን ያውቃል?

ከፍታው ደግሞ በሌላ በኩል አለ። ሄሞግሎቢንሽ፣ አየር የሚሸከመው የደም ክፍል፣ ዝቅ ብሎ ከሆነ ስሜን ተራሮች ላይ ወጥተሽ አየር ፍለጋ ትቆያለሽ። መንገድ የሚዘጋበት አካባቢ ከሆነም ተይው ወይም በአውሮፕላን ሂጂ፤ ተዘግቶብሽ የምታልፈው ቀን የኬሞ ቀንሽ ሊሆን ይችላል። ፀሐዩንም ልንገርሽ፣ በኬሞ ጊዜ ቆዳ ቶሎ ይቃጠላል። ባርኔጣ፣ ጃንጥላ፣ የፀሐይ ክሬም። ጃንጥላ ይዞ መዞር ለኛ ሰው አዲስ አይደለም።

እዚያ እያለሁ ትኩሳት ቢይዘኝስ?

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምታነቢ ከሆነ ይሄን አንብቢ።

38 ዲግሪ ከደረሰ ወደ ሆስፒታል። ጠዋት እስኪነጋ አይደለም፣ አሁን። ነጭ የደም ሴል ወርዶ ኢንፌክሽን ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል፤ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒቱ በደም ሥር ቶሎ ሲጀመር ነው የሚድነው፣ ሐኪሞቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነው የሚሉት። ዲጂታል ቴርሞሜትር ያዢ፣ ፋርማሲ ሁሉ ይሸጣል። በብብት ስትለኪ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየው፣ ስለዚህ 37.5 ካየሽ ደውለሽ አማክሪ፣ ደጋግመሽም ለኪ። ሳትለኪ ፓራሲታሞል እንዳትውጪ። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ይደብቀዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ሥራውን ይቀጥላል። «ብርድ መታኝ» ብሎ ዝንጅብል አፍልቶ መተኛትም ያው ነው። ብርድ ብርድ ማለትና መንቀጥቀጥ ካለ ደግሞ ቁጥሩ 38 ባይደርስም ሂጂ።

ከመሄድሽ በፊት ዶክተርሽን አጭር ደብዳቤ አጽፊው፦ ምርመራሽ፣ የመድኃኒቶቹ ስም፣ የመጨረሻው ዙር ቀን፣ «ትኩሳት ካላት ሲቢሲ ተሠርቶ ፀረ ተሕዋሲያን መድኃኒት ወዲያው ይጀመርላት» የሚል፣ ስልክ ቁጥር። ፎቶውን ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። ድንገተኛ ክፍል ስትገቢ የመጀመሪያው ቃልሽ «ኬሞ ላይ ነኝ» ይሁን። ወረፋው ውስጥ ካርድ ይዘሽ ዝም ብለሽ አትቀመጪ። «ወባ ብቻ እንይልሽ» ካሉሽ «ነጩን የደም ሴልም እዩልኝ» በይ፤ ሁለቱም መታየት አለባቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

እኔ ሐዋሳ በሁለተኛው ሌሊት 37.4 አየሁ። እህቴ ተኝታለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ 37.6። ቦርሳዬን አዘጋጀሁ፣ ጫማዬን አደረግሁ፣ ደብዳቤውን ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። ዘበኛውን ቀስቅሼ ባጃጅ እንዲጠራልኝ ነገርኩት፤ «እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ደንግጦ። ዶክተሬ ጋ ደወልኩ፣ በሁለተኛው ጥሪ አነሳ፣ «በየሃያ ደቂቃው ለኪ፣ 38 ከሆነ ግቢ» አለኝ። ባጃጁ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ጠበቀኝ። 37.5። 37.3። ሲነጋጋ 36.9 ሆነ። ለባጃጁ ልጅ የጠበቀበትን ከፈልኩት፣ «ዝም ብለሽ ነው የቀሰቀስሽኝ» የሚል ፊት አሳየኝ። ቢሆንም ገንዘቤ አልቆጨኝም።

ምግብስ? ጥሬ ሥጋ፣ እርጎ፣ ሰላጣ?

ጥሬ ነገር በሙሉ ይቅር። ቁርጥ፣ ጥሬ ክትፎ፣ ጎረድ ጎረድ። ክትፎ በስሎም ይበላል፣ ምላስሽ ለጥቂት ወር ይታገስ፤ መቼም ኬሞ ላይ ሁሉም ነገር ብረት ብረት ነው የሚለው። ያልተፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ እርጎና አይብም አይሆንም። ውጭ ቤት ሰላጣ አትብዪ፣ በምን ውሃ እንዳጠቡት አታውቂም። ራስሽ የምትልጪው ፍራፍሬ፣ ትኩስ ወጥ፣ የታሸገ ውሃ። በረዶ ያለበት ጁስ አይሆንም።

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሄደ ያውቃል፣ ዓሣው እዚያው ተገፎ በዳጣ ጥሬውን ይበላል። እህቴ እየበላች እኔ ምራቄን ስውጥ አንዷ ሻጭ «እህቴ ቅመሺ እንጂ፣ ከውሃ የወጣው አሁን ነው» አለችኝ። ኬሞ ላይ ነኝ አልኳት። ምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም። አንዱን ዓሣ አንስታ ዘይት ውስጥ ጨመረችው፣ አንዴ ጠብሳ አወጣችውና «ለሷ ይድገም» ብላ መልሳ ከተተችው። ደረቅ ጥብስ በላሁ፣ በስድስት ወር ውስጥ የጣፈጠኝ ምግብ እሱ ነው።

በጾም ወቅት የወደቀባት ደግሞ የነፍስ አባቷን ታነጋግር። እኔ ስጠይቅ የኔታ «መድኃኒትሽን በባዶ ሆድ ልትወስጂ ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ጸበል ልሂድ? ፍል ውሃስ? ለንግሥ?

ይሄን የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው፣ ግማሾቹ በሹክሹክታ። እኔም ሄጃለሁ። ሁለተኛው ጉዞዬ ጸበል ነበር። እምነትና ሕክምና አይጣሉም፤ የሚጣሉት «ጸበል እስክጨርስ መድኃኒቱን አቆማለሁ» ስትይ ነው። ያንን እንዳታደርጊ። ቀኑን ከ15ኛው በኋላ አድርጊው፣ ቁስልሽ ሳይድን ወይም ደረትሽ ላይ ፖርት (ከቆዳ ሥር የሚቀበር የመድኃኒት መስጫ)፣ ክንድሽ ላይ ቱቦ ካለ መጠመቁን ለሐኪም ሳትነግሪ አትግቢ። የሚጠጣውን አፍልቼ እጠጣ ነበር፤ አንዲት እናት «ቢፈላ ጸበልነቱ ይቀራል?» ስትል ቄሱን ጠየቀችልኝ፣ «አይቀርም» አሉ። ብዙ ሰው በአንድ አዳራሽ ተጠጋግቶ የሚተኛበት ቦታ ላይ ግን አትደሪ፣ ቲቢውም ጉንፋኑም እዚያ ነው ያለው።

ሶደሬም ወንዶ ገነትም ያው ነው። የሕዝብ ገንዳ ደም በወረደበት ሳምንት አይሆንም። ለግሸን፣ ለቁልቢ፣ ለላሊበላ ገና፣ ሕዝቡን ታውቁታላችሁ። የሚቀጥለው ዓመትም ንግሥ አለ። ሐጅና ዑምራ ለሚያስቡ እህቶችም መልሱ ያው ነው፤ ሐጅ የሚችል ላይ ነው የተደነገገው።

አውቶቡስ ይሻላል አውሮፕላን?

አውሮፕላን፣ አቅም ካለሽ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መክፈት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ጣትሽ መስታወቱን ሳይነካ ከኋላ «ንፋስ! ዝጊው!» ይላል አንዱ። እኔ ማስክ አድርጌ መስኮት ጋ ተቀምጬ «ያቅለሽልሸኛል፣ ልታስመልሱኝ ነው?» ስል ነው ዝም ያሉት። በነፃ የምትወስዱት ዘዴ ነው።

ከአራት ሰዓት በላይ በሆነ ጉዞ፣ በምንም ይሁን በምን፣ እግር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋ አለ። ካንሰርም ኬሞም አደጋውን ይጨምሩታል፣ በኋላ ታሞክሲፈን የሚባለውን የሆርሞን ሕክምና ከጀመርሽ እሱም እንዲሁ። በየሰዓቱ ተነሺ፣ ቁርጭምጭሚትሽን አዙሪ፣ ውሃ ጠጪ። ደም የሚያቀጥን መርፌ ያስፈልግሽ እንደሆነ ሐኪም ይወስን። አንዱ እግር ብቻ ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ሆስፒታል ሂጂ።

ከብብትሽ ስር ዕጢ የወጣልሽ ከሆነ በዚያ በኩል ሻንጣ አትሸከሚ፣ ደም አታስቀጂ፣ ግፊትም አታስለኪ። እጅሽ አብጦ የሚያውቅ ከሆነ የሚያጠብቀውን እጅጌ ለበረራው አድርጊ።

ቢጫ ካርድ ተጠየቅሁ። ክትባቱን ልውሰድ?

አትውሰጂ። የቢጫ ወባ ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው የያዘው፤ ኬሞ ላይ ላለ ሰው አይሰጥም፣ ከጨረስሽ በኋላም ቢያንስ ሦስት ወር ይጠበቃል። የኩፍኝም እንዲሁ ነው። ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ስላለች ከዚህ ተነስታችሁ ሕንድ ስትሄዱ አጥብቀው ይጠይቃሉ። ድሮ የተከተብሽበት ካርድ ካለሽ ፈልጊው፣ ከ2016 ዓመተ ምሕረት በፈረንጁ ጀምሮ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከሌለሽ «በሕክምና ምክንያት ክትባት አይሰጣትም» የሚል ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አሠሪ፣ ኤምባሲውንም አስቀድመሽ ጠይቂ።

ዱባይ ለአምስት ቀን ልሄድ ነው፣ መድኃኒቶቼስ?

በእጅ ሻንጣ፣ በየራሳቸው ካርቶን፣ ከማዘዣው ጋር። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱ ችግር የለውም። ለሕመም ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ነገር ካዘዙልሽ ግን ተጠንቀቂ፤ ኤምሬትስ ውስጥ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው፣ ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ጣጣ አለው። ሐምሌና ነሐሴም ዱባይ ለኬሞ ሰው አይደለም፣ ሙቀቱ ጤነኛውንም ይጥላል።

ውጭ ነው የምኖረው። በመሃል ለሁለት ሳምንት አዲስ አበባ ልምጣ?

ሂሳቡን ሥሪው። ጥሩ ቀናትሽ ስድስት ናቸው፣ ሁለቱ በበረራ ያልቃሉ፣ አንዱ በእንቅልፍ መዛባት፣ ቀሪውን ደግሞ ዘመድ ሁሉ ሊያይሽ ይመጣል፣ አንዳንዱም አይቶሽ ያለቅሳል። ኢንሹራንስሽም ብዙ ጊዜ ከአገር ውጭ አይሠራም፤ የጉዞ ኢንሹራንሱ ደግሞ ቀድሞ የነበረ ሕመም ብሎ ሊገፋሽ ይችላል፣ ጥቃቅኑን ጽሑፍ አንብቢ። እኔ ብሆን እናቴን ወደኔ አስመጣ ነበር።

ፓስፖርቴ ላይ ያለው ፎቶ ፀጉር አለው!

ኤርፖርት ላይ ይስቃሉ እንጂ አይመልሱሽም። ደብዳቤውን አሳዪ። ሻሽ ከሆነ ለብቻ ክፍል እንዲፈትሹሽ መጠየቅ ትችያለሽ። ፀጉሩ ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ነው የሚወርደው፣ ማለትም ልክ ጥሩ ባልነው ሳምንት፣ ሆቴል ትራስ ላይ። ከመሄዴ በፊት ተላጨሁ፣ ተገላገልኩ። ዊግ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሐዋሳ ሙቀት ውስጥ አንድ ሰዓት አልቆየም፣ ነጠላ ጠመጠምኩ።

ከባሌ ጋር ነው የምሄደው…

ገባኝ። መድኃኒት ከወሰድሽ በኋላ ባሉት ሁለት ሦስት ቀናት ኮንዶም፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ በሰውነት ፈሳሽ ውስጥ ይወጣል። ከዚያ በኋላም እርግዝና እንዳይኖር፤ ሆርሞን የሌለው መከላከያ ሐኪምሽን ጠይቂ። ፔሬድሽ ቢቆምም ማርገዝ ይቻላል።

ሁሉም ሲያልቅ ትልቁ ጉዞ መቼ ይሁን?

ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሦስት አራት ሳምንት ቆይተሽ። ጨረር ካለብሽ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ ነው፣ ለሳምንታት፣ ስለዚህ ወይ ከእሱ በፊት ባለችው ክፍተት ወይ ቆዳሽ ከዳነ በኋላ። ትራስቱዙማብ (ኸር2 የሚባለው ፕሮቲን ለበዛበት የጡት ካንሰር የሚሰጥ መድኃኒት) የሚወስዱ ዓመት ሙሉ በየሦስት ሳምንቱ ቀጠሮ አላቸው፤ እሱ ብቻውን ግን እንደ ኬሞው ደም አያወርድም፣ በሁለት ቀጠሮ መሃል በደንብ ይሄዳሉ። ታሞክሲፈን ኪኒን ነው፣ ይዘሽው ትዞሪያለሽ።

እኔ ላሊበላ ሄድኩ፣ ከጨረሩ ሁለት ወር በኋላ። ፓክሊታክሰሉ የእግሬን ጣቶች አደንዝዞት ስለነበር አንድ ቁጥር ሰፋ ያለ ጫማ ገዛሁ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ። ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ጫማ እንደሚወለቅ ትዝ ያለኝ እዚያው ስደርስ ነው። ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ሁለት ጥንድ።